ጨንቻ ላይ ያልበረደኝ ቀን

እንዴት እንደዳንኩ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ያውቃል። የባለቤቴ እህት አልማዝ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ለሚያገኛት ሁሉ «ብስክሌቱን ስላስጣልናት ነው» ትላለች። ጨንቻ ያለው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ስለቀረብኩ ነው ብሎ ያምናል። የዕድራችን ሴቶች፣ ያኔ ከስቼ ሲያዩኝ በሹክሹክታ ያወሩትን ረስተው፣ ዛሬ «ጸሎታችን ሰመረ» ይላሉ። ሦስቱም ልክ አይደሉም። የሆነውን እንደሆነው የምጽፈው ለእነሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ያለ ምክንያት የምትከሳ፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ ተቀምጣ ሳለ ልቧ የሚሮጥባት ሴት ካለች፣ እኔ ያባከንኩትን ጊዜ እንዳታባክን ነው።

ጡረታ እስክወጣ የስፖርት መምህርት ነበርኩ። ብስክሌት የጀመርኩት ከከተማው ላይኛ ክፍል፣ ሴቻ ካለው ቤቴ፣ ታች ሲቀላ ወዳለው ትምህርት ቤት ለመመላለስ ነበር፤ በኋላ መንገዱ አጠረብኝ። በኮንሶ መንገድ ጫሞ ሐይቅን በግራ እያየሁ መንዳት ጀመርኩ። ከዚያ በሶዶ መንገድ በሙዝና በማንጎ እርሻ መሀል። በመጨረሻ ወደ ግራ ታጥፌ ወደ ጨንቻ መውጣት ለመድኩ።

ያን ዳገት ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ታች ስትጀምሩ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ነው። መንገዱ ሲሠራ ሲፈርስ የኖረ ስለሆነ አንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ ጎማ በጠጠር ይሸራተታል። ጥቂት ከወጣችሁ በኋላ ዞር ብላችሁ ስታዩ፣ ከታች አባያ ወተት እንደነካው ሻይ ቀልታ፣ ጫሞ ከወዲያ ሰማያዊ ሆና፣ በመሀላቸው የእግዜር ድልድይ የምንለው ተራራ ተጋድሞ ታያላችሁ። ከዚያ እንሰቱ ይመጣል፣ ቀርከሃው ይመጣል፣ የዶርዜ ቤቶች ይመጣሉ፤ ጉሙ ፊታችሁን ያረጥበዋል። ታች በሸሚዝ የጀመረ ሰው እላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። እኔም ሁልጊዜ ከመቀመጫዬ ኋላ ወፍራም ጃኬት አስሬ ነበር የምወጣው፤ ዶርዜን ሳላልፍ እለብሰዋለሁ።

ባለቤቴ በድንገት ሞተብኝ። ማታ አብሮኝ በልቶ ጠዋት አልነቃም። ከወራት በኋላ ብስክሌቴን አውጥቼ በኮንሶ መንገድ ትንሽ ሄጄ ተመለስኩ። ቤት ውስጥ ማልቀስ ስላቃተኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን ማንም አያይም። አልማዝ ሰምታ ኖሮ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ እሷ ፔዳል ትረግጣለች!» አለች። ንግግሯ ከእኔ ቀድሞ ሴቻ ደረሰ።

ጥቁር ሻርፕ ገዝቼ አንገቴ ላይ አሰርኩ። ዓመቱ ሲሞላ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ጥቁሩን ሲያወልቅ እኔ ሻርፑን አላወለቅኩም። አልማዝ ራሷ ቀለም ያለው ቀሚስ መልበስ ከጀመረች ቆይታለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሻርፔን ጠበቅ እያደረግኩ በአጠገቧ አልፍ ነበር። እንዲህ እያልኩ ዓመታት አሳለፍኩ። ሻርፑ የአልማዝን አፍ ዘግቶልኛል። ሌላ ምን እንደሸፈነ ግን አላወቅኩም።

ሕመሙ የጀመረው በዳገት ላይ ነው። ዳገት ስወጣ ልቤ እንደሚመታ አውቃለሁ፤ ስቆም ደግሞ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ዕድሜ ልኬን ተማሪዎችን ከሩጫ በኋላ ትርታቸውን አስቆጥሬአለሁ። የኔ ልብ ግን መረጋጋቱን ተወ። ቤት ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ጋደም ብዬም ይደልቃል። ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሻይ ስቀዳ ብርጭቆውና ማንቆርቆሪያው ይንጫጫሉ። ለሁለት ሰው እየበላሁ ቀሚሴ ይሰፋል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ጣሪያ እያየሁ ባለቤቴን የወሰደው እኔንም ሊወስደኝ ነው እያልኩ አነጋለሁ።

አብራኝ የምትኖረው ልጄ ሊያ ባንክ ነው የምትሠራው። ከሥራ ስትመለስ አየችኝና ክሊኒክ ወሰደችኝ። አርባ ምንጭ ሆኖ «አመመኝ» ያለ ሰው የሚሰማውን ሰማሁ።

«ማዘር፣ ወባና ታይፎይድ አንድ ላይ ነው የያዘዎት» አለኝ ወጣቱ ባለሙያ።

«ትኩሳት የለኝም እኮ።»

«ውስጥ ለውስጥ ነው።»

ለ«ውስጥ ለውስጡ» መድኃኒት ሰጠኝ። ጨርሼ ስመለስ ደገመልኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያ ጨጓራ ተባልኩ። ሦስተኛው ጋ ያለው ሰውዬ ገና ሳልቀመጥ፣ «ባለቤትዎ አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሞቷል ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጭንቀት ነው። ዕድሜም አለ። ብስክሌት ይነዳሉ የሚሉት እርስዎን ነው? እሱንም ይተዉት።» ጸበልም ገባሁ፤ ለጸበሉ ክፉ ቃል የለኝም፣ ቢያንስ እሱ «ውስጥ ለውስጥ» አላለኝም። በዚህ ሁሉ መሀል ጣቴን ያልወጋ አልነበረም። ሻርፕዎን ይፍቱ ያለኝ ግን አንድም አልነበረም።

የዕድሩ ሴቶች ክሳቴን አይተው የመሰላቸውን ማውራት ጀመሩ። አንዷ ብርጭቆዬን ለብቻ ስታስቀምጥ አይቻታለሁ። ማን እንደሆነች እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

እልህ ያዘኝና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጨንቻ ልወጣ ተነሳሁ። ለሊያ አልነገርኳትም። ዳገቱን እየቆምኩ፣ እየተቀመጥኩ፣ አንዳንዱንም እየገፋሁ ወጣሁት። ግን ደረስኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ወንድሜ መኩሪያ በር ላይ ተቀበለኝ። ሚስቱ እሳት ዳር ቦታ ስትለቅልኝ፣ «አይ፣ በሩ ጋ ልቀመጥ፣ ሞቆኛል» አልኳት።

«ጨንቻ ላይ?» አለች።

«ስፖርተኛ ናት እኮ» አለ ወንድሜ። «ደሟ ይፈላል!»

ሳቅን። እኔም ኮራሁ። ጉም በገባበት ቀን፣ በስስ ሸሚዝ፣ ግንባሬ እያላበው ተቀምጬ «ታዲያስ፣ ደከመች ያላችሁኝ?» አልኩ በሆዴ። ጃኬቴ ከኋላ እንደታሰረ ቀረ። ከሕመሜ ሁሉ ትልቁን ምልክት ጤንነት ነው ብዬ ቆጠርኩት።

ስመለስ ከዶርዜ በታች ካሉት ጠመዝማዞች በአንዱ ላይ ጣቶቼ ፍሬኑን አልታዘዝ አሉ። ተንቀጠቀጡና ለቀቁት። ገደል አልገባሁም፤ ከዳገቱ በኩል ያለው ቦይ ተቀበለኝ። ጉልበቴና ክርኔ ተላጠ። በእህል መኪና ተጭኜ ሴቻ ገባሁ።

ሊያ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁስሌን አጥባ ጨረሰችና የብስክሌቱን የፊት ጎማ ፈትታ በባጃጅ ወሰደችው።

«የት አደረግሽው?» አልኳት ስትመለስ።

«አክስቴ ቤት።»

«ከዓለም ሰው ሁሉ አልማዝ ቤት?»

«እማዬ፣ ከእሷ ቤት እንደማታወጪው ስለማውቅ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «አባዬን በአንድ ሌሊት አጣሁት። አንቺን ደግሞ ከገደል ሥር ልልቀምሽ? ወይ ብስክሌቱን ተይ፣ ወይ እኔ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ። ማየት አልችልም።»

ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ብስክሌቱን ብይዝ ልጄን ላጣ ነው፤ ብተወው ደግሞ አልማዝ ትክክል ነበረች ማለት ነው። ልቤም ለሁለቱም ጊዜ አልሰጠኝም፤ ይሮጣል።

ሊያ ሆስፒታል ልትወስደኝ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች። በዚያው ቀን ወንድሜ ደወለላት። «መጀመሪያ እዚህ ትምጣ» አለ። እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው ነገር አለ፤ የአባቶችን ሥርዓት የጣሰ፣ ወይም ቂም ይዞ ያልታረቀ ሰው ላይ ሕመም ይመጣል ይባላል። የታመመ ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ከማን ጋር እንደተጣላ ይናገራል፣ ይታረቃል። ፈቃዷ ለሆስፒታል መሆኑ ቀርቶ ለጨንቻ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ በወንድሜ ግቢ ተቀምጠዋል። አልማዝም ተጠርታ መጥታለች፤ አዲስ ነጠላ ለብሳ።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣልተሻል?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

«ከማንም።»

አልማዝ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከዚህችስ?»

«ሰላምታ እሰጣታለሁ።»

«በአገጯ ነው የምትሰጠኝ፣ አባቴ!» አለች አልማዝ። «አገጯን እንዲህ ታነሳለች፣ ጥቁሯን ታጠብቃለች፣ ታልፋለች። እኔ ወንድሜን ያልቀበርኩ ይመስል።»

«ምን በደለችሽ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። አልማዝ አልካደችም፤ «ሐዘን ነበር የተናገረው» አለች። ይቅር በያት ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ። «እኔ ጎሜ የለብኝም። ባሌን ቀብሬ በመንገድ ላይ ማልቀሴ ጥፋት ከሆነ ይቅጣኝ» ብዬ ተነሳሁ። ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። ከሊያ ጋር በሚኒባስ ወደ ሴቻ ተመለስን። ሆስፒታሉ ሊያ እንደገና ፈቃድ እስክታገኝ ይቆይ ተባለና ሳምንታት አለፉ።

ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አንድ ጠዋት ዱካ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት ስልጥ ቆየሁና ልነሳ አልኩ፤ ጭኔ አላነሳኝ አለ። ዳገቱን ያወጣኝ የነበረው ጭን! ግድግዳ ይዤ ተነሳሁ። ለማንም ሳልናገር ነጠላዬን ደርቤ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ።

የጥበቃው ኮሪደር ላይ አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ከኦቾሎ መንደር ሕፃን ይዛ የመጣች ወጣት ሴት ቦታዋን ለቀቀችልኝ። «እኔ ልጁን ቆሜ ባስተኛው ይሻለኛል» አለች፤ ውሸቷን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሙዝም ልጣ ሰጠችኝ። ዘመዶቼ ያልሰጡኝን ነገር፣ ማለትም ምንም ሳትጠይቀኝ አጠገቤ መሆንን፣ እሷ ሰጠችኝ። ስሟን አለመጠየቄ ይቆጨኛል።

ዶክተሯ የሊያ እኩያ ትሆናለች። እንደ ሌሎቹ ትጽፋለች ብዬ ነገሬን አሳጠርኩ፦ ወባ ተብያለሁ፣ ታይፎይድ ተብያለሁ፣ ጨጓራ ተብያለሁ፣ መበለት ተብያለሁ።

«እሱን ይተዉት» አለች። «ከድሮው ምን ተለየብዎት? እርስዎ ያስተዋሉትን ይንገሩኝ።»

ማንም እንዲህ ጠይቆኝ ስለማያውቅ ግራ ገባኝ። በመጨረሻ፣ «ጨንቻ ላይ ጃኬቴን አልለበስኩም» አልኩ።

«አልገባኝም።»

«በብስክሌት ስወጣ ዶርዜ ላይ ሁልጊዜ እለብሰዋለሁ። ያን ቀን አልበረደኝም። ሰው ጋቢ ተከናንቦ እኔን አላበኝ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ መጀመሪያ ዓይኔን፣ ቀጥሎ እጄን። «አርባ ምንጭ ሁላችንም ስለምናልብ ማንም አይለየውም» አለች። «ሻርፑን ይፍቱልኝ።»

«ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ነፍስ ይማር። መቼ ነው ያረፉት?»

ነገርኳት። አልሳቀችም፣ ግን ከንፈሯን ነከሰች። ፈታሁት። አንገቴን በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ምራቅ ይዋጡ አለችኝ፣ እንደገና ዳሰሰች።

«ይህ እብጠት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እብጠቱን በመስታወት አይቼው ነበር። እናቴም አያቴም አንገታቸው እንዲሁ ነበር፤ እኛ ደጋ ውስጥ እንቅርት ያላት ሴት ማየት ብርቅ አይደለም፣ በሽታ ብሎ የሚቆጥረውም የለም። ዶክተሯ አስረዳችኝ። አንገት ላይ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ፤ ሰውነት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው። የእኔ ከልክ በላይ ይሠራል። ልቤን የሚያስሮጠው፣ ሥጋዬን የሚያነደው፣ ሙቀቱን የሚያመጣው፣ ጭኔንም የበላው እሱ ነው። ቢቆይ ኖሮ ልቤን ያደክመው ነበር።

«ብስክሌቱ ነው ያመጣው?» አልኳት።

«ብስክሌቱ? ብስክሌቱማ ነገረን እንጂ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር አልማዝ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

ደሜ ለምርመራ ሌላ ከተማ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ሲመጣ እንዳለችው ሆነ። ዕጢውን የሚያቀዘቅዝ ኪኒን፣ ልብን የሚያረጋጋ ሌላ ኪኒን ሰጠችኝ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣበት ነገ ሳይል ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት አጥብቃ ነገረችኝ፤ እኔም ላንባቢ አጥብቄ እናገራለሁ። ብስክሌት ግን ልቤ እስኪረጋጋ አይሆንም አለች።

ማታ ሊያ ኪኒኖቹን ጠረጴዛ ላይ አየቻቸው።

«ብቻሽን ሄድሽ?»

«ጎማዬ አክስትሽ ቤት ስላለ በባጃጅ ሄድኩ።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ ሳቋ ቀደማት፣ ከሳቁ በኋላ ለቅሶው መጣ። አጠገቤ ተቀምጣ ባዶ አንገቴን ስትነካው ቆየች። «አንድ ቤት እየኖርን አላየሁትም» አለች። እኔም አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ ስለ ብስክሌቱ እሷም እኔም አልማዝም አንወስን፣ ሐኪሟ ትወስን። እሺ አለች። በቀጣዩ ቀጠሮ አብራኝ ገብታ ራሷ ጠየቀች።

መዳን ቀርፋፋ ነው። መጀመሪያ የመጣው እንቅልፍ ነው፤ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ቀጥሎ ብርጭቆው መንጫጫቱን ተወ። ከዚያ ቀሚሶቼ ልክ ሆኑ፤ የዕድሩ ሴቶችም አፋቸውን ለሌላ ሥራ አዋሉት። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ዶክተሯ «ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብለው» አለች። ጎማውን ሊያ አመጣችው። አልማዝ ስትሰጣት፣ «ነገ ብትወድቅ እኔን እንዳትሉኝ» ብላለች አሉ። አላልናትም።

በሜዳው መንገድ ስጠነክር ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት ሞከርኩ። ሊያ በባጃጅ ከኋላዬ ትከተለኛለች። ሹፌሩ ያስተማርኩት ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ ልጎትትዎት?»

«አንተ ከክፍልህ በሩጫ መጨረሻ የምትወጣው አይደለህም?»

«ያኔ ባጃጅ አልነበረኝማ!»

ሴቻ ስደርስ ሊያ ወርዳ ትርታዬን በጣቷ ያዘች። ከመቁጠሯ በፊት መረጋጋት ጀምሮ ነበር።

ጨንቻን የወጣሁት ዶክተሯ ከፈቀደች በኋላ ነው፤ ሊያ በሚኒባስ ቀድማኝ ሄዳ ነበር። ወንድሜ ግቢ ስገባ እነዚያው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ አልማዝም አለች። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው በዳንኩ በስንት ጊዜዬ ነው። ወንድሜ ቅደም ተከተሉን ቢያስታውስ ጥሩ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ በእኛ ዘንድ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው፣ «አሁንስ በሆድሽ ምን ቀረ?» አሉኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። «አልወዳትም።»

«እኔም አልወዳትም» አለች አልማዝ ወዲያው።

ሽማግሌው ሁለታችንንም አዩን። «መዋደድ ማን ጠየቃችሁ? እኛ የምንለው ክፉ አትመኙ ነው። ሣሩን ለመያዝ ፍቅር አያስፈልግም፣ እጅ ይበቃል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይህንን እችላለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ክፉ መመኘትማ ከታመምኩ ጀምሮ ድካም ሆኖብኛል። ሣሩን ከአንድ ወገን እኔ፣ ከሌላው እሷ ያዝን። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «ወፍረሻል» አለችኝ ቀስ ብላ። ከአልማዝ አፍ እንዲህ ያለ መልካም ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ዝናብ ከመምጣቱ በፊት መውረድ ነበረብኝ። ብስክሌቱን ወደ በሩ ስገፋ ሊያ ተከትላኝ ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ እንደያዘችልኝ ትነግረኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ፊቷ እንደተጨነቀ ነበር። ጎንበስ ብላ የፊት ጎማውን ነፋስ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ጨበጥ ለቀቅ አድርጋ ሞከረችው፣ ቀና አለች።

«በይ፣ ሴቻ እንገናኝ» አለችኝ።